የትራክተር ሞተር በፒካፕ ላይ፦ ቁጠባው ከየት ይመጣል?

ናፍታ በጨመረ ቁጥር ወደዚህ ዓምድ የሚጎርፍ አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ፦ «የቆመ ትራክተር አለኝ፤ ሞተሩን ፒካፔ ላይ ባስገጥመውስ?» የተጠራቀሙትን በዚህ እትም አንድ ላይ መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድክሩዘር 75 ፒካፕ አለኝ። ከአሰላ አዲስ አበባ ስመላለስ በሊትር 9 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ነው የምትሄደው። አንድ መካኒክ ከማሲ ፈርጉሰን ትራክተር የወጣ ፐርኪንስ 4.236 ሞተር ብትገጥምላት በሊትር 15 ትሄዳለች ይለኛል። እውነት ነው? (ከአሰላ)

መልስ፦ ወደ 15 ልትጠጋ ትችላለች። ነገር ግን እዚያ የሚያደርሳት ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ የእግርዎ ሥራ ነው። በቁጥር እንየው።

ከነጭነቷ 2500 ኪሎ የምትመዝን ፒካፕ ደልዳላ አስፋልት ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እንድትሄድ ሞተሯ በግምት 19 ኪሎዋት ማውጣት አለበት፤ ወደ 25 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። በ100 ሲነዷት 30 ኪሎዋት ግድም ትጠይቃለች። ፍጥነት ሲጨምር አየሩን ገፍቶ ማለፍ ከፍጥነቱ በላይ እየከበደ ስለሚሄድ ነው።

አሁን ወደ ሞተሮቹ እንምጣ። 1ኤችዜድ ናፍታውን ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ባለች ትንሽ ጓዳ አቀጣጥሎ ነው ወደ ፒስቶኑ የሚለቀው። የጓዳዋ ግድግዳ ሙቀት ስለሚወስድበት በዚህ ዓይነት መካከለኛ ጭነት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሥራ 290 ግራም ያህል ናፍታ ይበላል። 4.236 ግን ናፍታውን ፒስቶኑ ራስ ላይ ወዳለው ጎድጓዳ በቀጥታ ይረጫል፤ 240 ግራም ያህል ይበቃዋል። አንዱን ሊትር ናፍታ 840 ግራም ብለን ብናሰላ፣ የእርስዎ ሞተር በ100 ሲነዳ በሊትር 9.7 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ያው ሞተር በ80 ሲነዳ 12.2 ይሆናል። የትራክተሩ ሞተር በ80 ሲነዳ ደግሞ 14.7። እንግዲህ መካኒኩ ከነገሩዎት 5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት ተኩሉን አንድ ቡሎን ሳያስፈቱ ነገ ጠዋት ማግኘት ይችላሉ። የትራክተር ሞተር የገጠሙ ሰዎች «ነዳጅ ቀነሰልኝ» ሲሉ አይዋሹም፤ ሞተሩ 100 መሄድ ስለከለከላቸው የመጣውን ቁጠባ ግን ለሞተሩ ይሰጡታል።

በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የሚነዱ ከሆነ፣ በ12.2 ሲሰላ 1640 ሊትር፣ በ14.7 ሲሰላ 1360 ሊትር ይፈጃሉ። ልዩነቱ 280 ሊትር ነው። ይህን በዛሬው የናፍታ ዋጋ ያባዙትና ከሞተሩ፣ ከቶርኖው፣ ከብየዳው፣ ከሱፖርቶው (ሞተሩ ሻንሲው ላይ ከሚያርፍበት ማቀፊያ)፣ መኪናዋ ጋራዥ ከምትቆምበት ቀን ጋር ያስተያዩት። 1ኤችዜድዎ ጤነኛ ከሆነ አያስወልቁት እንላለን። ሒሳቡ የሚገለበጠው የሚወጣው ሞተር የቤንዚን ሲሆን ነው፤ የቤንዚን ሞተር በዚያው በ80 ፍጥነት በሊትር 8.7 ግድም ስለሚሄድ ልዩነቱ በዓመት ከ900 ሊትር ይበልጣል።

ካስገጠሙት ግን አስቀድመው ማርሹን ያስሉ። ጎማው ላይና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው መኪናዋን አንድ ሙሉ ዙር ይግፏትና ርቀቱን በሜትር ይለኩ፤ 7.50 በ16 ጎማ 2.5 ሜትር ገደማ ይሰጣል። የሞተሩን የደቂቃ ዙር በዚህ ቁጥርና በ60 ያባዙ፤ ከዚያ ለማርሹ ቁጥር፣ ለዲፈረንሻሉ ቁጥርና ለ1000 ያካፍሉ፤ የሚወጣው የሰዓት ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር ነው። ዲፈረንሻልዎ 4.11፣ 5ኛ ማርሽዎ 0.85 ከሆነ 80 ላይ ሞተሩ 1860 ዙር ያህል ይዞራል፤ ለዚህ ሞተር ምቹ ቦታ ነው። ካምቢዮዎ ባለ 4 ማርሽ ከሆነ ግን፣ 4ኛው 1.00 ስለሆነ፣ 80 ላይ 2190 ይደርሳል። የትራክተሩ ሞተር የመጨረሻ ዙሩ እዚያው አካባቢ ነውና ሁልጊዜ እየጮኸ ይሄዳል፤ ቁጠባውም በዚያው ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ሞተሯ የተቃጠለ ባለ 22አር ቤንዚን ሃይሉክስ አለችን፤ ፎርዊል አይደለችም። ካምቢዮው የተሰበረ ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተርም አለን፤ ሞተሩ ይሠራል። ማገናኘት ይቻላል? ምን ምን እናዘጋጅ? (ወንድማማቾች፣ ከሻሸመኔ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ከቤንዚን ስለምትወጡም ያዋጣችኋል። መጀመሪያ ግን የምትጠብቁትን ልክ እወቁ። የትራክተሩ ሞተር ፐርኪንስ 3.152 ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፦ 3 ፒስቶን፣ 152 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 2.5 ሊትር። በ2250 ዙር 45 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል፤ ያም በባሕር ጠለል ነው። በእናንተ ከፍታ ወደ 37 ይወርዳል። ሙሉ ጭነት ይዛችሁ 6 ፐርሰንት አቀበት ላይ በ3ኛ ማርሽ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትሄዳላችሁ። ደልዳላ ላይ፣ ጎማው 2.25 ሜትር፣ ዲፈረንሻሉ 4.3፣ 5ኛው ማርሽ 0.85 ከሆነ የመጨረሻ ፍጥነታችሁ 83 ነው። ከአይሱዙ ኋላ መሰለፍ የማያናድደው ሰው ይንዳት።

ሞተሩን ከትራክተሩ ሳታወርዱ ፈትሹ። የትራክተር ዕድሜ በሰዓት ይቆጠራል፤ 6000 ሰዓት የሠራ ሞተር፣ ሰዓቱን በ40 ኪሎ ሜትር ብናባዛው፣ 240,000 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና እንደማለት ነው። ሞተሩን ካሞቃችሁ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ጭስ እየተነፋ ዘይት የሚረጭ ከሆነ የእርሻ አቧራ ካሚቻውን (ፒስቶኑ የሚመላለስበትን ቱቦ) እና ፋሻውን (የፒስቶኑን ቀለበት) በልቶታል፤ እድሳቱን ከአሁኑ ወጪ ላይ ደምሩት። ጠዋት ብርድ ላይም አስነሱት። መምጠጫው ላይ ያለችው ማሞቂያ ጥቂት ናፍታ አቃጥላ አየሩን የምታሞቅ ናት፤ ብዙ ሰው ሲገጥም ወርውሮ ይጥላትና በኋላ በብርድ መኪና ይገፋል። አትጣሏት።

ትልቁ ራስ ምታት ኮፓው፣ ማለትም ሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ ነው። በዚህ ትራክተር ላይ ሻንሲ የሚባል ነገር የለም፤ ሞተሩ ራሱ ሻንሲ ነው። የፊት አክስሉ ከፊት ለፊቱ፣ ካምቢዮው ከኋላው ይታሰራል። ስለዚህ ኮፓው ክብደት የሚሸከም ወፍራም የቀለጠ ብረት ነው፤ ፒካፕ ላይ ከመክበዱም ሌላ ከሻንሲው ተሻጋሪ ብረት ጋር ይጋጫል። ይህ ሞተር በጄኔሬተርና በአየር መጭመቂያ ላይም ይገጠም ስለነበር የእነዚያን ቀላል ኮፓ ከነዘይት መምጠጫ ቱቦው ፈልጉ። ካጣችሁ ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ አሠሩ። የዘይቱ ልክ ከድሮው እንዳያንስ፤ የመምጠጫው አፍ ከኮፓው ወለል ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል፤ ውስጡ ፍሬን ሲያዝ ዘይቱ ወደፊት እንዳይሸሽ የሚያግድ ላሜራ ይበየድ። ይህ እገዳ ከሌለ ቁልቁለት ላይ የዘይት መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ያኔ ብሮንዚናው (ክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚዞርበት ማቀፊያ) እየተበላ ነው። በኮፓውና በተሻጋሪው ብረት መካከል 25 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ ሞተሩ ሱፖርቶው ላይ ይወዛወዛልና።

ባለ 3 ፒስቶን ሞተር በዝቅተኛ ዙር ፊትና ኋላው እንደ ሚዛን ይነቃነቃል። ስለዚህ ሱፖርቶው ለስላሳ ጎማ ይሁን፤ ሁለት ከሞተሩ ጎንና ጎን፣ አንድ ከካምቢዮው ሥር። በደረቁ ሻንሲው ላይ የተበየደ ሞተር መጀመሪያ ራዲያተሩን፣ ቀጥሎ የራሱን ብየዳ ይሰነጥቃል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን ማገናኘት። እዚህ ቶርኖ ቤቱን በደንብ ምረጡ። የሞተሩን የኋላ ሳህንና ፍላይዊሉን ከነጥርሱ አስቀሩት፤ ሞተሪኖው (ማስነሻው) በቦታው እንዲቆይ። ከዚያ ከ12 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት አገናኝ ሳህን ይቆረጣል፤ አንድ ወገን ከሞተሩ፣ ሌላው ከሃይሉክሱ ካምቢዮ ቤት ጋር ይታሰራል። ፍሪሲዮኑ የሃይሉክሱ ይሁን፤ የሸራው (የፍሪሲዮኑ ዲስክ) ጥርስ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር የሚገጥመው እሱ ነው። ሸራው መሃሉ ላይ ስፕሪንግ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። የ3 ፒስቶን ምት እንደ መዶሻ ነው፤ ስፕሪንግ ከሌለ ምቱን የሚቀበለው የካምቢዮው ጥርስ ይሆናል። 135 ብዙውን ጊዜ ሁለት ፍሪሲዮን ተደራርቦ ያለበት ስለሆነ የፍላይዊሉ ፊት ጎድጓዳ ሊሆን ይችላል። ቶርኖ ላይ ተስተካክሎ፣ ለሃይሉክሱ ፕሬሸር (ሸራውን የሚጫነው ክፍል) የቡሎንና የስፒና (ቦታ የሚያስይዝ ፒን) ቀዳዳ ይበሳለታል። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ካልተለካ አትገጥሙት።

የካምቢዮው ዘንግ አፍንጫ ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ውስጥ በነሐስ ብሮንዚና መደገፍ አለበት። ብሮንዚናው ከውጭ ጠብቆ ይገባል፤ ከውስጥ ለዘንጉ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ልቅ ይሁን። አፍንጫው ደግሞ የጉድጓዱን መጨረሻ እንዳይነካ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይቅርለት፤ ከነካ ክራንክ ሻፍቱን ወደፊት እየገፋ የዳር ብሮንዚናውን ይጨርሰዋል። የሚቀረው ማማከል ነው። ዲያል ጌጁን (ጥቃቅን ልዩነት የሚያነብ ባለ ጣት መለኪያ ነው) ፍላይዊሉ ላይ እሰሩት፤ ጣቱ ካምቢዮው የሚቀመጥበትን ክብ ጠርዝ ይንካ፤ ሞተሩን በእጅ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ። በትልቁና በትንሹ ንባብ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.15 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። የሳህኑን ፊትም እንዲሁ ለኩ። ልክ ሲገባ ሁለት ስፒና ይመታበታል። ቡሎን ማጥበቅ እንጂ ማማከል አይችልም፤ ቀዳዳው ሁልጊዜ ሰፋ ያለ ነው። ይህ ሥራ በዓይን ግምት ሲሠራ ምልክቱ ወዲያው አይታይም። ከጊዜ በኋላ ግን መኪናዋ ከማርሽ ትወጣለች፣ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ትንቀጠቀጣለች፣ የሸራው መሃል ይሰነጠቃል፣ ጥፋቱም «የካምቢዮ ኩሽኔታ» ይባላል።

የቀረው ቀላል ነው። ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ከቤንዚን ታጥቦ መመለሻ ቱቦ ይጨመርለት፤ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ይገጠም። መጀመሪያ ስታስነሱ አየሩን ከፊልትሮው፣ ቀጥሎ ከፓምፑ፣ መጨረሻ ከኢንጀክተሮቹ ዳዶ በቅደም ተከተል አስወጡ። ወደ ላይ የቆመው ማርሚታ ወደ ታች እንዲዞር መሰብሰቢያው ይቀየራል። የማጥፊያ ገመዱን ጋቢና ውስጥ አስገቡ፤ ይህ ፓምፕ ቁልፍ ስለተዘጋ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ 4.236 የተገጠመላት ፒካፕ ገዛሁ። ፔዳሉን ገና ስነካው ትፈናጠራለች፤ ጥቁር ጭስም ትተፋለች። ከ85 በላይ ደግሞ አትሄድም። መካኒኩ የፓምፑን ብሎን ከፍቼ እስከ 3000 ዙር ላስኪዳት ይላል። ልፍቀድለት? (ከባቱ)

መልስ፦ አይፍቀዱለት። የችግሮችዎ ምንጭ ግን ፓምፑ ላይ መሆኑን በትክክል አይቷል።

የትራክተር ፓምፕ የተሠራው ለማረሻ ነው። ገበሬው እጀታውን 1700 ዙር ላይ ያቆመዋል፤ ማረሻው ጠንካራ መሬት ሲያገኝ ተቆጣጣሪው ራሱ ናፍታ ጨምሮ ዙሩን ይጠብቃል። ስለዚህ በዚህ ፓምፕ ላይ ፔዳል ማለት «ይህን ያህል ናፍታ ስጥ» ሳይሆን «ይህን ያህል ዙር አምጣ» ማለት ነው። እርስዎ በ1200 እየሄዱ ፔዳሉን በትንሹ ሲነኩ 1800 አዘዙ እንበል። ፓምፑ 1800 እስኪደርስ ድረስ ያለውን ሁሉ ይለቃል። መፈናጠሩም ጭሱም ይኸው ነው። የመኪና ፓምፕ ተቆጣጣሪ የሚገባው በዝቅተኛውና በመጨረሻው ዙር ላይ ብቻ ነው፤ መሃሉን ለእግር ይተዋል።

መጀመሪያ ወጪ የሌለውን ይሞክሩ። ብዙ ጊዜ የፓምፑ ክንድ መንገዱን የሚጨርሰው ፔዳሉ ግማሽ ሳይደርስ ነው። ገመዱን ፔዳሉ ላይ ወደ መዞሪያው አስጠግተው፣ ወይም ፓምፑ ላይ ክንዱን አስረዝመው፣ ሙሉ ፔዳል ከሙሉ ክንድ ጋር እንዲገናኝ ያድርጉ። ግማሹ መፈናጠር በዚህ ይጠፋል። ለጭሱ በቅድሚያ የአየር ፊልትሮውን ይመልከቱ፤ የዘይት ገንዳ ያለው ዓይነት ከሆነ ዘይቱ ከመስመሩ በላይ እንዳይሆን። ከዚያም ፓምፑ ይውረድና በመለኪያ ማሽን ላይ የመጨረሻ የናፍታ ልኩ ይቀነስ። 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ሞተሩ የሚያገኘው አየር ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው፤ ለታች አገር የተለካ ናፍታ በዚያ ከፍታ ሲገባ ትርፉ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ይህን ልክ መኪናዋ ላይ እንዳለ በግምት የሚነካ ሰው ካጋጠመዎ ቁልፉን ይቀበሉት። ሌላው መንገድ ለመኪና ከተሠራው 4.236 ላይ የወረደ ፓምፕ መግዛት ነው።

ስለ 3000 ዙሩ፦ የዚህ ሞተር ፒስቶን በአንድ ምት 127 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። በ2250 ዙር አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 9.5 ሜትር ነው፤ በ3000 ዙር 12.7 ይሆናል። ዋናው ነገር ግን ፍጥነቱ አይደለም። ፒስቶኑ አናት ላይ ደርሶ ሲመለስ የቢዬላውን (ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘውን ክንድ) ቡሎኖች የሚጎትተው ኃይል በዙሩ ካሬ ስለሚያድግ 78 ፐርሰንት ይጨምራል። ለመኪና የተዘጋጀው 4.236 እንኳ ልኩ 2800 ነበር። የቢዬላ ቡሎን ሲበጠስ ሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) በጎኑ ይከፈታል፤ ያ ደግሞ በብየዳ አይመለስም።

ፍጥነት የሚፈልጉ ከሆነ ከዲፈረንሻሉ ይፈልጉት። 4.11 የነበረው በ3.70 ቢተካ 85 የነበረው 94 ይሆናል። ፎርዊል ከሆነች የፊቱም የኋላውም አብሮ ይቀየር፤ ያለዚያ ፎርዊሉን ባስገቡ ቀን ማከፋፈያው ይሰበራል። ሻጩ የነገረዎትን ቁጥር አይመኑ። ዲፈረንሻሉን ይዘው አንዱን ጎማ ያስቁሙ፣ ሌላውን 2 ሙሉ ዙር ያዙሩ፣ ትራስሚሲዮኑ (ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ዘንግ) ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቁጠሩ። 3 ዙርና ከግማሽ በላይ፣ ወደ ሩብ ጉዳይ ከተጠጋ 3.70 ነው፤ 4 ዙርና ትንሽ ካለ 4.11።

ጥያቄ፦ የቤንዚን ፒካፓችንን በትራክተር ሞተር ከቀየርን ወዲህ ፍሬኗ ደረቅ ሆነ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስወርድ ሁለት ጊዜ ከያዝኩ በኋላ በሁለት እግር ካልቆምኩበት አትይዝም። የፍሬን ሸራ ቀየርን፣ ለውጥ የለም። (ከደጀን)

መልስ፦ መኪናዋን እስኪያሠሯት ድረስ ያቁሟት፤ ያን ቁልቁለት እንደዚህ ሆነው አይውረዱ።

ሸራው ምንም አላጠፋም። የፍሬኑ ሰርቮ (እግርዎን የሚያግዘው ክፍል) የሚሠራው በአየር መሳብ ነው። የቤንዚን ሞተር አየር መዝጊያ ስላለው መምጠጫው ውስጥ ሁልጊዜ የሚስብ ባዶነት አለ፤ ናፍታ ሞተር መዝጊያ የለውም፣ አይስብም። ትራክተሩ ደግሞ ሰርቮ ስለሌለው የመሳቢያ ፓምፕ አልተሠራለትም። የገጠመላችሁ ሰው የሰርቮውን ቱቦ መምጠጫው ላይ ሰክቶት ይሆናል፤ እዚያ ምንም የለም።

መፍትሔው በጀርባው የመሳቢያ ፓምፕ ያለበት የቶዮታ ናፍታ ዲናሞ ነው፤ የ2ኤል ወይም የ3ኤል ይሆናል። ቺንጋው እንዲሰለፍ ማቀፊያ ይሠራለታል። ይህ ፓምፕ ያለ ዘይት ወዲያው ይበላል። ከሞተሩ የዘይት ግፊት መስመር ቀጭን ቱቦ ይሳብለት፤ መመለሻው ወፈር ያለ ይሁንና ኮፓው ላይ ከዘይቱ መስመር በላይ ይግባ። ከመስመሩ በታች ከገባ ዘይቱ አልመለስ ብሎ ፓምፑን ይሞላዋል፣ አልፎም ወደ ሰርቮው ይሄዳል። ቱቦው ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቮላ መኖሩንም ያረጋግጡ።

ሲለካ አንድ ነገር እንዳያሳስታችሁ፦ በከፍታ ቦታ የአየሩ ግፊት ራሱ ዝቅ ያለ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከ570 እስከ 580 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ የመሳብ መለኪያው 480 ወይም 500 ካሳየ ፓምፑ ደህና ነው፤ መጽሐፉ 600 ይላልና ብላችሁ አትጣሉት። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን ስትረግጡ ቢያንስ ሁለት ለስላሳ ፍሬን ሊቀራችሁ ይገባል።

ጥያቄ፦ ቆሞ የቀረ ቤላሩስ ትራክተር አለ። ሞተሩን ላንድክሩዘር ላይ ብገጥመው ሊብሬዬ ላይ ችግር ይመጣል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ድሮ እናንተው ከተማ ይገጣጠም የነበረውን ኤምቴዜድ 80 ማለትዎ ከሆነ ሞተሩ ዲ 240 ነው፤ 4.75 ሊትር፣ በ2200 ዙር 80 የፈረስ ጉልበት። ጠንካራ ሞተር ነው፤ ግን ያለ ዘይትና ውሃ 430 ኪሎ ይመዝናል። የፊት ባሌስትራ ሳይጠነክር አይሞከርም። በትንሿ የቤንዚን ሞተር የሚነሳው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሞተሪኖ የሚቀበል የፍላይዊል ቤት መፈለግ አለብዎ።

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ከሻንሲ ቁጥር ጋር ተጽፏል። ቁጥሩ ካልተመሳሰለ የዓመቱ ምርመራ ላይ ቦሎ ያስከለክላል፤ አደጋ ቢደርስም ኢንሹራንሱ ላይ ክርክር ያስነሳል። ስለዚህ ለትራንስፖርት ቢሮው አስቀድመው አመልክተው ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ምን ሰነድ እንደሚጠይቁ በጽሑፍ ይያዙ። ሞተሩ የተገዛበት ውልና የትራክተሩ ዲክላራሲዮን ዋናዎቹ ናቸው። ትራክተሩ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ሞተሩን ነጥሎ ለሌላ ሥራ ማዋል የጉምሩክ ጥያቄ አለበት። ዲክላራሲዮኑን በዓይንዎ ሳያዩ ቀብድ አይስጡ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዴንቨር ነው። ፎርድ ሬንጀሬ ላይ የኩቦታ ትራክተር ሞተር ለመግጠም አስቤያለሁ። እዚህ ብዙ ሰው ይሠራዋል። (ከኮሎራዶ)

መልስ፦ መሥራታቸው እውነት ነው፤ መፈቀዱ ግን ሌላ ነው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት መመሪያ የሚለው፣ ሞተር የተቀየረላት መኪና፣ ሞዴሉ ከእሷ ጋር እኩል ወይም ከእሷ አዲስ ከሆነና ተፈትሾ ከጸደቀ የመኪና ዓይነት ጋር መመሳሰል አለባት ነው። የእርሻ ሞተር የጸደቀው ለእርሻ መሣሪያ እንጂ ለመንገድ መኪና ስላልሆነ የሚመሳሰለው መኪና የለም። ናፍታ ከፈለጉ ከፋብሪካ ናፍታ ሆና የወጣች ፒካፕ ይግዙ።

ከእርሻ ሞተሩ ጋር ቀዩን የእርሻ ናፍታም የሚያስቡ ከሆነ ይተዉት። ቀለሙ የተጨመረው የመንገድ ግብር ያልተከፈለበት መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ሰልባትዮ ውስጥ ከተገኘ ቅጣቱ 1000 ዶላር ወይም በጋሎን 10 ዶላር፣ ከሁለቱ የበለጠው ነው።

ጥያቄ፦ የሩዝ ማሳ የምናርስበት በእጅ የሚገፋ ትራክተር ሞተር፣ ባለ አንድ ፒስቶኑ ኤስ 195፣ ትንሽ የሱዙኪ ፒካፕ ላይ ይሆናል? (ከወረታ)

መልስ፦ አይሆንም። 12 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ክብደቱ ከ130 ኪሎ በላይ። የዚያች ፒካፕ ሻንሲ በአንድ ፒስቶን ምት ቡሎኑ ሁሉ ይረግፋል። ሞተሩ ውኃውን እያፈላ በማትነን ስለሚቀዘቅዝ በየጊዜው ካልሞሉት አቀበት መሃል ይደርቃል። ከማሳው ሥራ ሲያርፍ የውኃ ፓምፕ ይግጠሙበት።